ያውቁ ኖሯል? ከመቶ ዶላር አምስት ሳንቲም የማይሞላው እርዳታ

የውጭ እርዳታ ተቀነሰ ሲባል ወሬው በአብዛኛው ስለ ስንዴ፣ ስለ ወባ አጎበርና ስለ ስደተኛ ጣቢያ ነው። ዛሬ ብዙም የማይወራበትን ጥግ እንነካለን፦ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች፣ ትራንስጀንደሮችና በጥቅሉ ኤልጂቢቲአይኪው የሚባሉ ሰዎች በዓለም ዙሪያ ምን ገጠማቸው? በጉዳዩ ላይ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱ አቋም ይኖረዋል። እኛ የምናወራው ስለ ገንዘብ፣ ስለ መድኃኒትና ስለተዘጉ በሮች ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

◆ ያውቁ ኖሯል? እርዳታውን ያገደው ትእዛዝ የተፈረመው በእኛ አቆጣጠር ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ማግስት፣ ቃና ዘገሊላ በሚከበርበት ዕለት ነበር። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት በዚያው ቀን ከፈረሟቸው ትእዛዞች ሁለቱ እዚህ ላይ ይመለከቱናል። አንደኛው የአሜሪካን የውጭ ልማት እርዳታ ለ90 ቀናት አገደ። ሌላው ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ከወንድና ከሴት በቀር ሌላ ፆታ እንደማይቀበል ደነገገ፤ "የፆታ ርዕዮተ ዓለም" ላለው ነገርም የፌዴራል ገንዘብ እንዳይወጣ ከለከለ። የመጀመሪያው ቧንቧውን ዘጋ፤ ሁለተኛው ቧንቧው መልሶ ሲከፈት ውኃው ወደ ማን ቤት እንደማይደርስ አስቀድሞ ወሰነ።

◆ "ሥራ አቁሙ" የሚለው ደብዳቤ የወጣው ከአራት ቀን በኋላ፣ ዓርብ ዕለት ነው። በማርች ወር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ የአሜሪካ የእርዳታ መሥሪያ ቤት ከሆነው ከዩኤስኤይድ ፕሮግራሞች 83 በመቶው፣ ማለትም 5,200 ያህል ውሎች፣ መሰረዛቸውን አስታወቁ። በ1961 በጆን ኤፍ ኬኔዲ ዘመን የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ጁላይ 1 ቀን 2025 ራሱን ችሎ መሥራቱን አቆመ።

◆ ገንዘቡ ስንት ነበር? ግሎባል ፊላንትሮፒ ፕሮጀክት የተባለው ስብስብ የለጋሾችን ወጪ እየተከታተለ ያወጣል። በስሌቱ መሠረት ለጋሽ መንግሥታት ከሚሰጡት ከእያንዳንዱ 100 ዶላር የልማት እርዳታ ውስጥ ለእነዚህ ማኅበረሰቦች ተለይቶ የሚደርሰው 5 ሳንቲም አይሞላም። ለሰጪው አገር ካዝና ቁጠባ ተብሎ የሚጻፍ ነገር አይደለም። ለተቀባዩ ግን የቢሮ ኪራይ፣ የጠበቃ ክፍያና የነርስ ደመወዝ ነው።

◆ ጩኸቱና ገንዘቡ አይመጣጠኑም። በፌብሯሪ 2025 የዋይት ሃውስ ቃል አቀባይ ካሮላይን ሌቪት ዩኤስኤይድ አባከነው ያሉትን ሲዘረዝሩ አራት ነገር ጠሩ፦ በሰርቢያ የሥራ ቦታዎች አካታችነትን ለማስፋፋት 1.5 ሚሊዮን ዶላር፣ በአየርላንድ ለሙዚቃዊ ተውኔት 70,000፣ በኮሎምቢያ ለትራንስጀንደር ኦፔራ 47,000፣ በፔሩ ለትራንስጀንደር የሥዕል መጽሐፍ 32,000። ጋዜጠኞች መዝገብ ሲያገላብጡ ከአራቱ የዩኤስኤይድ ሆኖ የተገኘው የሰርቢያው ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ነበሩ፤ ተደምረውም 150,000 ዶላር አይሞሉም። የፔሩው መጽሐፍ ጀግናም ትራንስጀንደር አልነበረም። ለነገሩ እርማት የርዕሰ ዜናን ያህል አንባቢ አግኝቶ አያውቅም።

◆ ሌሶቶም በዚሁ ሰሞን ስሟ ተነሣ። ማርች 4 ቀን 2025 ትራምፕ ለአሜሪካ ምክር ቤት ባሰሙት ንግግር፣ ማንም ሰምቷት በማያውቃት አፍሪካዊት አገር በሌሶቶ ኤልጂቢቲን ለማስፋፋት 8 ሚሊዮን ዶላር ሊወጣ ነበር አሉ፤ አዳራሹም ሳቀ። የአገሪቱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በአባባሉ መደንገጣቸውንና ማዘናቸውን ገለጹ። ፒፕልስ ማትሪክስ የተባለው የአገሪቱ የኤልጂቢቲ ማኅበርም እንዲህ ያለ የአሜሪካ ገንዘብ አልደረሰኝም አለ። በሌሶቶ ከአምስት አዋቂዎች አንዱ ገደማ ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ አለ፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ይህን ያነሣው አልነበረም።

◆ ያውቁ ኖሯል? ለእነዚህ ማኅበረሰቦች ጤና ከማንም በላይ የደረሰው ፕሮግራም የተመሠረተው በወግ አጥባቂው ፕሬዚዳንት በጆርጅ ቡሽ ነው። ቡሽ በጃንዋሪ 2003 ለአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር ጠይቀው የኤችአይቪ ፕሮግራሙን፣ ፔፕፋርን፣ ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ 15 የትኩረት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በ2006 ፕሮግራሙን እንዲመሩ የተሾሙት ዶክተር ማርክ ዳይበል የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆናቸውን በግልጽ የሚናገሩ ሐኪም ናቸው። ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ አጋራቸው አጠገባቸው ቆመው ነበር፤ አስፈጻሚዋም ኮንዶሊዛ ራይስ ነበሩ። ዳይበል ኋላ ኤድስን፣ ሳንባ ነቀርሳንና ወባን የሚዋጋውን ግሎባል ፈንድንም መርተዋል። ፔፕፋር ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ከሞት እንዳዳነ ይነገርለታል።

◆ በዓለም ላይ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ አዋቂዎች መካከል ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ከመቶ አንድ አይሞሉም። ከወንዶች ጋር ግንኙነት ባላቸው ወንዶችና በትራንስጀንደር ሰዎች ዘንድ ግን ቁጥሩ ከመቶ ሰባት በላይ ነው።

◆ "እና ይህ የእነሱ ጉዳይ አይደለም ወይ?" የሚል ይኖራል። አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም፣ ዩኤንኤድስ፣ እንደሚለው በ2022 በዓለም ከተመዘገበው አዲስ የቫይረሱ ሥርጭት ከግማሽ በላዩ የተገኘው ከፍተኛ ተጋላጭ በሚባሉት ቡድኖችና በወሲብ አጋሮቻቸው ላይ ነው። "አጋሮቻቸው" የሚለውን ሳያልፉ ያንብቡት። ከቤተሰብ ተደብቆ የሚኖር ወንድ ብዙ ጊዜ ሚስት አለው፤ ልጅም አለው። እሱ የሚመረመርበት ክሊኒክ ሲዘጋ ጉዳቱ እሱው ጋ አይቆምም።

◆ በፌብሯሪ 2025 መጀመሪያ ፔፕፋር ሕይወት አድን ለሆነው ሥራ ብቻ በከፊል ተፈቀደለት። ፈቃዱ ግን ቅድመ መከላከያ መድኃኒቱን፣ ፕረፕን፣ በአሜሪካ ገንዘብ ማግኘት የሚችሉት ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ብቻ ናቸው አለ። እናቶች ማግኘታቸው ትክክል ነው። ዳሩ ግን ወንድ ከሆኑ፣ ትራንስጀንደር ከሆኑ፣ ወይም ወሲብ በመሸጥ የሚተዳደሩና ያላረገዙ ሴት ከሆኑ ለእርስዎ የሚሆን የለም ማለት ነው። በዓለም ላይ ፕረፕ ከሚጀምሩት ሰዎች የአብዛኛውን ወጪ ሲሸፍን የኖረው ደግሞ ይኸው ፔፕፋር ነው።

◆ ደቡብ አፍሪካ በሕገ መንግሥቷ በፆታዊ ዝንባሌ ምክንያት መድልዎን የከለከለች የመጀመሪያዋ አገር ናት። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ 8 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችም ይኖሩባታል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን የምትገዛው በአብዛኛው በራሷ ገንዘብ ነው፤ የአሜሪካ ድርሻ ከጠቅላላው የኤችአይቪ በጀት 17 በመቶ ያህል ነበር። ታዲያ ለምን ተናጋች? የአሜሪካ ገንዘብ የሚከፍለው በዋናነት ለሰው ነበር፦ ለአቻ ለአቻ አስተማሪው፣ ለምክር ሰጪዋ፣ መዝገብ ለሚይዘው፣ ቀጠሮ ያለፈበትን ስልክ ደውላ ለምትጠራው። ጆሃንስበርግ ውስጥ ኢንጌጅ ሜንስ ኸልዝ የሚባለው የወንዶች ክሊኒክ በሩን ዘጋ። በዊትስ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም ሥር ይሠሩ የነበሩ የትራንስጀንደር ክሊኒኮችም ተከተሉት። መንግሥት ታካሚዎቹን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ አላቸው። መድኃኒቱ እዚያም አለ። ሰው ከጤና ጣቢያ የሚሸሸው ግን መድኃኒት አጥቶ ብቻ አይደለም፤ ተራ ሲጠብቅ የሚያይ ጎረቤት አለ፣ ካርድ ክፍል ስም ሲጠራ ጎላ አድርጎ የሚጠራ አለ።

◆ ሕንድ ውስጥ ሃይደራባድ ከተማ በ2021 ሚትር የሚባል ክሊኒክ ተከፈተ። በአገሪቱ ለትራንስጀንደር ሰዎች የተከፈተ የመጀመሪያው አጠቃላይ ክሊኒክ ሲሆን፣ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ትራንስጀንደር ነበሩ። የሆርሞን ክትትል፣ የኤችአይቪ ምርመራ፣ የአእምሮ ጤና ምክርና የሕግ ምክር በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጥ ነበር። ገንዘቡ ሲቆም ካልያንና ፑኔ ካሉት ሁለት እኅት ክሊኒኮች ጋር ተዘጋ። ያን ጊዜ በመንግሥት ወጪ ቅነሳው የገነነው ኢለን መስክ የመዘጋቱን ዜና አይቶ፣ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ገንዘብ ይሄድ የነበረው ለዚህ ነው የሚል መልእክት ለጠፈ። የሃይደራባዱ ክሊኒክ ግን ብዙም ሳይቆይ ሳብራንግ በሚል አዲስ ስም ተከፈተ፤ ገንዘቡን የሰጠው ታታ ትረስትስ የሚባለው የአገሬው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የራስ ባለጸጋ ያለው እንዲህ ይተርፋል።

◆ ታይላንድ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን የፈቀደችበት ሕግ ሥራ ላይ የዋለው እርዳታው በታገደ በሦስተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 2025 ነው፤ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጀመሪያዋ ናት። ባንኮክ ያለው ታንጀሪን የተባለው የትራንስጀንደር ክሊኒክ በ2015 ሲጀመር በአሜሪካ ድጋፍ ነበር። ታይላንድ ግን ፕረፕን በብሔራዊ የጤና ሽፋኗ ውስጥ ቀድማ አስገብታለች። እርዳታ በቆመ ጊዜ የትኛው አገር ምን ያህል እንደሚንገዳገድ የሚወስነው አንዱ ነገር ይኸው ነው።

◆ ቆራጯ አሜሪካ ብቻ አይደለችም። ብሪታንያ ለመከላከያ ገንዘብ ፍለጋ የእርዳታ በጀቷን በ2027 ከብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር በፌብሯሪ 2025 ተናገሩ። የልማት ሚኒስትሯ አኔሊስ ዶድስ በቀናት ውስጥ ሥራቸውን ለቀቁ። ጀርመንና ፈረንሳይም ቀንሰዋል።

◆ ከሁሉ የሚገርመው የኔዘርላንድስ ነው። በ2001 የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ከዓለም ቀድማ የፈቀደችና ለእነዚህ ማኅበራት ከቀዳሚ ለጋሾች ተርታ የምትቆጠር አገር ናት። በፌብሯሪ 2025 የልማት ሚኒስትሯ ራይኔት ክሌቨር ከ2027 ጀምሮ በዓመት 2.4 ቢሊዮን ዩሮ እንደሚቀነስ ሲያስታውቁ፣ ለሴቶች መብትና ለፆታ እኩልነት የሚወጣውን ከሚቆረጡት ውስጥ አስገቡት።

◆ ያውቁ ኖሯል? "በእኛ ስም እርዳታ አትቁረጡ" ብለው የተቃወሙ የአፍሪካ የኤልጂቢቲ ተሟጋቾች ነበሩ። በኦክቶበር 2011 የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን መብት የማያከብሩ አገሮች እርዳታ ሊቀነስባቸው ይችላል አሉ። ከ50 በላይ የአፍሪካ ማኅበራት የተቃውሞ መግለጫ አወጡ። ምክንያታቸው የሚያሳምን ነው፦ እርዳታው ሲቀር ሕዝቡ ጣቱን የሚቀስረው በእኛ ላይ ነው፤ ደግሞም እኛ የምንታከመው እዚያው ሁሉም በሚታከምበት ሆስፒታል ነው። ዛሬ እርዳታው የተቆረጠው በተቃራኒው ምክንያት ነው። ለሁለቱም ውሳኔዎች ግን ማንም ቀድሞ አላማከራቸውም።

◆ ዑጋንዳ በሜይ 2023 "የከፋ ግብረ ሰዶም" ላለችው የሞት ቅጣት የሚደነግግ ሕግ አወጣች። ሦስት ወር ሳይሞላ የዓለም ባንክ አዲስ ብድር መስጠቱን አቆመ፤ በ2025 አጋማሽ መልሶ ለመቀጠል ወሰነ። ሕጉ ዛሬም አለ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2024 አንዳንድ አንቀጾችን ሲሽር፣ ሰዎች የሚያውቁትን እንዲጠቁሙ ያስገድድ የነበረው አብሮ ተሰርዟል፤ ለሐኪምና ለታካሚ ትንሽ ትንፋሽ ሰጥቷል። የአሜሪካ ገንዘብ በቆመ ጊዜ ደግሞ የጤና ሚኒስቴሩ ለብቻቸው የነበሩ የኤችአይቪ ክሊኒኮች ከመደበኛው ተመላላሽ ሕክምና ጋር እንዲዋሐዱ አዘዘ። በወረቀት ላይ ጥሩ አስተዳደር ይመስላል። ስሙ በሕግ ለሚፈለግ ሰው ግን ያ ረጅም ወረፋ ሌላ ነገር ነው።

◆ ጋና ውስጥ ምክር ቤቱ በፌብሯሪ 2024 ጠንካራ ፀረ ኤልጂቢቲ ረቂቅ ሲያጸድቅ፣ የገንዘብ ሚኒስቴሩ ፕሬዚዳንቱን አስጠንቅቆ ነበር፦ ከተፈረመ አገሪቱ በአምስት ወይም በስድስት ዓመት ውስጥ ከዓለም ባንክ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ልታጣ ትችላለች። ፕሬዚዳንት አኩፎ አዶ ሳይፈርሙ ሥልጣን ለቀቁ። ያ ማስፈራሪያ ዛሬ የነበረውን ያህል ክብደት የለውም።

◆ ሕግ የሚለወጠው በነጻ አይደለም። የናሚቢያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጁን 2024 የቅኝ ግዛት ዘመኑን ክልከላ ሲሽር፣ ከሳሹን የደገፈው መቀመጫው ለንደን የሆነው ሂውማን ዲግኒቲ ትረስት ነው። በሌላ በኩል ማሊ በ2024 መጨረሻ አዲስ ክልከላ አወጣች፤ ቡርኪና ፋሶ በሴፕቴምበር 2025 ተከተለች። የትሪኒዳድና ቶቤጎ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በማርች 2025 የተሻረውን ሕግ መለሰ። ዩኤንኤድስ በ2025 ሪፖርቱ የከልካይ አገሮች ቁጥር ከ2008 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መጨመሩን ጽፏል። ጠበቃ መቅጠሪያው የደረቀው እንግዲህ በዚህ ሰዓት ነው።

◆ ካኩማ የኢትዮጵያውያን ስደተኞችም መኖሪያ ነው። ሰሜን ምዕራብ ኬንያ ያለው ይህ ጣቢያ ከ2014 ወዲህ ከዑጋንዳ የሸሹ ኤልጂቢቲ ስደተኞችንም ያስተናግዳል፤ የኬንያ ሕግ ራሱ እስከ 14 ዓመት እስር የሚያስቀጣ ሆኖ ሳለ። በ2025 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ አጥሮት ራሽኑን ከዝቅተኛው የምግብ መጠን ከአንድ ሦስተኛ በታች አወረደው። ረሃቡ የሁሉም ነው። ጎረቤት የማያበድረው፣ ከዘመድ የማይላክለት ሰው ግን ቀድሞ ይጎዳል። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ የስደተኞች ማስፈሪያ ፕሮግራም ሲታገድ በረራቸው የተቆረጠ ሰዎች ባሉበት ቀሩ፤ ቶሮንቶ ያለው ሬይንቦው ሬይልሮድ የተባለ ድርጅት ሲያሳልፋቸው የነበሩትም ያ መንገድ ተዘጋባቸው።

◆ ኢትዮጵያ ውስጥስ? በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱ ያስቀጣል፤ ለእነዚህ ሰዎች ተብሎ በይፋ የተከፈተ ክሊኒክ ስላልነበረ የተዘጋም የለም። ነገር ግን የጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል አቋርጧል። ማንነቱን ሳይናገር፣ ከሌላው ሰው ጋር ተሰልፎ፣ ደሙን ተመርምሮ መድኃኒቱን ይዞ የሚሄድ ሰው በዚያ ወረፋ ውስጥ አልነበረም ብሎ የሚምል አለ?

◆ ለዘብ ያለ ዜናም አለ። በጁላይ 2025 የአሜሪካ ምክር ቤት 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የጸደቀ በጀት መልሶ ሲነጥቅ፣ ከፔፕፋር ሊወሰድ የነበረውን 400 ሚሊዮን ሴኔቱ አስወጥቶታል። ያስወጡት የትራምፕ የራሳቸው ፓርቲ ሴናተሮች ናቸው።

◆ የዩኤንኤድስ ግምት፦ የፔፕፋር ድጋፍ ጨርሶ ቢቀርና የሚተካው ባይገኝ እስከ 2029 ድረስ 6 ሚሊዮን ተጨማሪ ሰዎች በቫይረሱ ይያዛሉ፤ 4 ሚሊዮን ተጨማሪ ሰዎች ይሞታሉ። ይህን ያሰላው መሥሪያ ቤት ራሱ ከግማሽ በላይ ሠራተኞቹን ለመቀነስ ተገዷል።

◆ በኖቬምበር 2025 ግሎባል ፈንድ ለቀጣዩ ዙር 18 ቢሊዮን ዶላር ፈልጎ ለጋሾች ቃል የገቡለት 11.34 ቢሊዮን ነው። ስብሰባው የተካሄደው ጆሃንስበርግ ላይ ነው፤ ያ የወንዶች ክሊኒክ በተዘጋበት ከተማ።

◆ የመጨረሻው ስለ አንድ መርፌ ነው። ሌናካፓቪር በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ተወግቶ ከኤችአይቪ የሚከላከል መድኃኒት ነው። በመጀመሪያው ሙከራ በደቡብ አፍሪካና በዑጋንዳ ከወሰዱት 2,134 ሴቶች አንዲትም አልተያዘችም። ሁለተኛው ሙከራ ፔሩን፣ ብራዚልን፣ ታይላንድንና ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ በሰባት አገሮች የተካሄደ ሲሆን፣ የተሳተፉት ከወንዶች ጋር ግንኙነት ያላቸው ወንዶችና ትራንስጀንደር ሰዎች ናቸው፤ መርፌውን ከወሰዱት 2,179 የተያዙት 2 ብቻ ሆኑ። በአሜሪካ ዋጋው በዓመት ከ28,000 ዶላር በላይ ነው። ከ2027 ጀምሮ ግን በ120 ያህል አገሮች ተመሳሳይ ምርቱ በ40 ዶላር እንደሚቀርብ ተነግሯል። ፔፕፋርና ግሎባል ፈንድ በሦስት ዓመት ለ2 ሚሊዮን ሰው ለማድረስ ቃል ገብተዋል፤ የመጀመሪያው ጭነት በኖቬምበር 2025 ኤስዋቲኒና ዛምቢያ ገባ። የአሜሪካ መንግሥት በራሱ ድርሻ ቅድሚያ የሚሰጠው ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ነው። በሁለተኛው ሙከራ ተወግተው መርፌው እንደሚሠራ ያረጋገጡት ሰዎች በዚያ የቅድሚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም።